የአራተኛው ፎቅ አፈር

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

የመጨረሻዋን የቲማቲም ተክል ዛሬ ነቀልኳት። ቀብሩ አጭር ነበር፤ ለቀስተኛ አልመጣም። ክረምቱን ሙሉ ቅጠሏ ከታች ወደ ላይ እየጠቆረ፣ እንደ ቂመኛ ሰው ራሷን በራሷ ስትበላ ከርማ፣ ሦስት ፍሬ ጥላልኝ ሄደች። አንዱ የተሰነጠቀ ነው። ነፍስ ይማር።

አሁን የቀረው የውርስ ጉዳይ ነው። በረንዳዬ ላይ አሥራ አንድ ባልዲ አፈር ቆሟል፤ ስለ እሱም ሳይጠየቅ ፍርድ ያልሰጠ ሰው የለም።

ሊቀመንበሩ ጠዋት መጣ። የሕንጻችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። የሚኖረው ከእኔ በታች ሦስተኛ ፎቅ፣ የሚያስበው ግን ከጣሪያው በላይ ነው።

«እትዬ፣ ያ አፈር በሽታ ይዟል። ያስወግዱት። ለሕንጻውም ክብደት ነው።»

«እርስዎስ ስንት ኪሎ ነዎት?»

ሳይሰናበተኝ ወረደ።

ልጄም ደወለች። ነርስ ናት፤ የታመመውንም ያልታመመውንም ታዛለች። «ጣይው እማዬ። በዚህ ዕድሜሽ አፈር ምን ይሠራልሻል? ደግሞ አዲስ ልግዛ ብለሽ እንዳትሸከሚ። ቃልሽን አትርሺ።»

ቃሌ ይሄ ነው። ሊፍቱ ከሞተ ቆይቷል፤ ጉልበቴ ደግሞ ሊፍቱን ሊከተል ዳር ዳር ይላል። አምና አሞኝ ተኝቼ ሳለ ልጄ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ደረጃ ላይ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብትወድቂ ዕቃሽን ጠቅልዬ እኔ ቤት ነው የማስገባሽ፤ እሺ በይኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሰው ትኩስ ሾርባ በማንኪያ እየተጎረሰ ብዙ ነገር እሺ ይላል።

ክፍሉን አዘጋጅታልኛለች። መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ያያል። ግድግዳው በደንብ የተለሰነ ነው፤ ይህን አልክድም። አማቼም ጥሩ ሰው ነው። ቴሌቪዥን ከፍቶ ይተኛል፤ ሲያጠፉበት ይነቃል።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዘር ቤት ሄድኩ። ለማየት ብቻ። አንድ ከረጢት አዲስ አፈር ገዛሁ። ትንሽ ናት። ከታች ስትታይ ትንሽ ነበረች።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንሽ አረፍኩ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ማረፍ ያልኩት ጋደም ብዬ ነው። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው፤ ለወገብ ሳይሻል አይቀርም።

እዚያ ቦታ የደረጃው መደገፊያ ብረት ተነቅሎ ከወጣ ወዲህ እጅ የሚይዘው አየር ብቻ ነው። እኔም አየሩን ያዝኩ። አየሩ አልያዘኝም። ከረጢቷ ተቀደደች። አፈሩን በግራ እጄ ጠራርጌ አነሳሁ፤ ቀኜ ለጊዜው ፈቃድ ላይ ነበር። ማንም አላየኝም። ክርኔ ዘንድሮ ካፈራኋቸው ቲማቲሞች ሁሉ የተሻለ ቀልቷል።

ዛሬ ጠዋት መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ፦ «ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ በደረጃ ላይ አፈር መበተኑን ኮሚቴው በጥብቅ ያወግዛል።» ከጎኑ «የደረጃው መደገፊያ በቅርቡ ይጠገናል» የሚለው አሮጌው ማስታወቂያ አለ፤ ፀሐይ በልቶት «በቅርቡ» የምትለዋ ቃል ጠፍታለች። ሁለቱንም አነበብኩ። ግለሰቡን እኔም በጥብቅ አወገዝኩ።

ማታ። አስቤ አስቤ አንድ ውሳኔ ላይ ደረስኩ። ከእንግዲህ አዲስ አፈር መግዛት መርሄ አይፈቅድልኝም። ያለው አፈር ይበቃል። ሰው በመርህ መኖር አለበት።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

«ነገ ልምጣ እማዬ?»

«ነገ አይመቸኝም። እንግዳ አለብኝ።»

«ማን?»

«አንቺ የማታውቂው።»

«ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«ስልኩ ነው።»

«ወድቀሽ እንዳይሆን?»

«እኔ? ከየት ወዴት?»

«አፈር ስሆን እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

«አንቺ አፈር ከሆንሽማ ባልዲ ውስጥ ከትቼ ፎሶሊያ ነው የምዘራብሽ።»

ሳቀች። ስትስቅ ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት።

አልዋሸኋትም። «ከየት ወዴት?» ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ውሸት ሊሆን አይችልም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ መውደቁን ያልተናገረ ግንድ ግን ማን ይፈልጠዋል? ይህን ብዬ ሻይዬን በግራ እጄ ቀዳሁ። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዕድሜዬን በላውንደሪ ነው የጨረስኩት፤ በራሴ ላውንደሪ። በሙሽራ ቀሚስ ላይ የፈሰሰ ወይን፣ በዳኛ ካባ ላይ የተንጠባጠበ ዘይት፣ በሐኪም ጋውን ላይ ያለ ምንነቱ የማይጠየቅ ነገር፣ ሁሉንም አይቻለሁ። እንፋሎት የማያስለቅቀው እድፍ የለም። ስለዚህ አፈሩን እንደ አንድ ደንበኛ ተቀበልኩት፦ «ግባ፣ ምን ነካህ? ቲማቲም? ቀላል ነው።»

ትልቁን ድስት ጣድኩ። ከታች ውሃ፣ ከላይ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ አፈር፣ ከዚያ ክዳን። እንፋሎቱ ሲወጣ የድሮ ሱቄ ሽታ ሸተተኝ መሰለኝና ደስ አለኝ። ቀጥሎ ደስ የማይል ሽታ መጣ። አንዴ የቆየው አይበቃም ብዬ ደገምኩት፤ ደግሜም ሠለስኩት። በእኔ ቤት ግማሽ ንጹሕ የሚባል ነገር የለም።

በሩ ተንኳኳ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የሚቀቅሉት?»

«አፈር።»

ሊቀመንበሩ አፍንጫውን ያዘ። «ምን ለማድረግ?»

«ታሟል ያሉት እርስዎ አይደሉ? እያከምኩት ነው።»

«ይሄ ነገር አጀንዳ ይሆናል።»

ሌላው ሰው «እግዜር ያውቃል» በሚልበት ቦታ እሱ «አጀንዳ ይሆናል» ነው የሚለው።

ዐሥሩ ባልዲ ታከመ፤ ደቀቀ፣ ጠቆረ፣ ጸዳ። አሥራ አንደኛው፣ ትልቁ ገንዳ፣ ብቻ ቀረ። ላነሳው አልቻ— ላነሳው አልፈለግኩም። ከልብስ ማስጫው ኋላ በእግሬ ገፋ አድርጌ ሰወርኩት፤ የጤና ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያልታጠበውን ክምር እሰውረው እንደነበረው።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ዘራሁ። አምስቱ ላይ ሰላጣ፣ አምስቱ ላይ ፎሶሊያ። ቃሪያ፣ ድንች፣ ደበርጃን፣ የቲማቲም ዘመድ የተባለ ሁሉ ዘንድሮ በዚህ አፈር ላይ እግሩን አያሳርፍም። በሽታው የቤተሰብ ቂም ነው፤ ዘመድ ሲያገኝ ነው የሚነሳው። ባዳ ሲገባ ግን አንገቱን ደፍቶ ይተኛል። በስንት ቤተሰብ አይቼዋለሁ!

የተራረፈውን ዘር ባልታከመው ገንዳ ላይ በተንኩት። ለወፎች።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ምንም የለም። ማንም አልደወለ፣ ምንም አልበቀለ። ልጄ ደወለች፣ እሷን አልቆጥርም። «እሑድ ልምጣ?» አለች። ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። ጉንፋን የያዘውን ሰው ነርስ ሮጣ እንደምትመጣ የገባኝ ካልኩ በኋላ ነው። ወዲያው «ድኛለሁ» አልኩ። በአንድ ትንፋሽ ታምሞ የዳነ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

በቀሉ! በቀሉና ቢጫ ሆኑ። የሰላጣው ጫፍ ካውያ የነካው ናይለን ይመስላል። ፎሶሊያው ከመሬት ወጥቶ ዙሪያውን አየና ሐሳቡን ቀየረ።

ዘር ቤት ወረድኩ። ዘር ሻጩ ከሸጠው ዘር ይልቅ የሸጠው ምክር ይበዛል።

«እማማ፣ ምን አድርገውት ነው?»

«በእንፋሎት አጸዳሁት።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

ነገርኩት።

«ኧረ እማማ! አፈር ነው ወይስ ድንች?» ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። «በቃ ይሄ አፈር አለቀለት። አዲስ ይውሰዱ። ይኸው፣ ይህቺ ትንሿ ከረጢት…»

ትንሿን ከረጢት እንደ ጠላት አየኋት። ክርኔ ሳይታዘዝ ታጠፈ።

«አልፈልግም።»

«ያደርሱልዎታል እኮ፤ ስልክ ብቻ ይስጡኝ።»

የልጄን ስልክ እንጂ የራሴን በቃሌ አላውቅም። ትቼው ወጣሁ። ስወጣ «ግትር ናቸው» ሲል ሰማሁት። የተማረ ሰው «ጽኑ» ይለው ነበር።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ይህን በሰፊው ልጽፈው ይገባል፤ ምክንያቱም ተሸንፌያለሁ፤ ያሸነፈኝም ቆሻሻ ነው።

ልብስ ሳሰጣ አንድ ካልሲ ከኋላ ወደቀብኝ። ለማንሳት ጎንበስ ስል ገንዳውን አየሁ። ያ ያልታከመ፣ ያልታጠበ፣ የክረምቱ የቲማቲም ሥር ሁሉ የተረሳበት ገንዳ በአረንጓዴ ሞልቷል። ፎሶሊያው ወፍራም ቅጠል አውጥቶ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ እጁን ዘርግቷል። ሰላጣው ተጨናንቆ ይገፋፋል። ጣቴን ሰደድኩ። ትል አገኘሁ። የመሬት ትል፣ ቀይ፣ ጤነኛ፣ ባለቤት መስሎ የሚገለባበጥ።

ከታከሙት ባልዲዎች አንዱ ውስጥም ጣቴን ሰደድኩ። ምንም። የሚንቀሳቀስ፣ የሚሸት፣ የሚያጣብቅ የለም። ንጹሕ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ሰዎች ልብስ ይዘው ሲመጡ «ምንም ነገር አይቅርበት» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ምንም ነገር አላስቀረሁም። በአፈሩም ላይ ምንም ነገር አላስቀረሁም። በሽታውን ገደልኩ፣ ከበሽታው ጋር የሚኖረውንም ሁሉ ጨምሬ ገደልኩ፣ ከዚያም በሬሳ ላይ ዘር ዘርቼ ለምን አልበቀለም ብዬ ተቀየምኩ።

ግን አለቀለት ያለው ማነው? ዘር ሻጩ! የሚሸጠው አዲስ አፈር ነው፤ አሮጌው ይሠራል እንዲለኝ ኖሯል የምጠብቀው? አፈር ያረጃል እንጂ አያልቅም። ያጣውን የሚመልስለት ካገኘ ይነሳል። አልጥለውም። ሊቀመንበሩ ቢያወግዝ፣ ዘር ቤቱ ሁሉ ቢስቅ፣ አልጥለውም።

ህዳር 2፣ ማክሰኞ

ከገንዳው አፈር እየዘገንኩ በየባልዲው ጨመርኩ። የድንች ልጣጭ ከትፌ፣ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ፣ የሻይ ቅጠል ዝቃጭ ሳይቀር። ትሎቹን እንደ ሚኒስትር ሾሜ በየባልዲው መደብኳቸው። ዕድሜዋን እድፍ ስታስለቅቅ የኖረች ሴትዮ በገዛ እጇ እድፍ ታቦካለች! እጄ ሥራውን አልወደደውም፤ ሁለቴ ሄዶ ታጠበ።

ቀኝ እጄ ነው ያልኩት። ባልዲ ባያነሳም ያቦካል።

ህዳር 10፣ ረቡዕ

ባልዲው ሁሉ ተራ አፈር ተራ አፈር መሽተት ጀመረ። እንደገና ዘራሁ። ልጄ ደወለች፤ ለመምጣት አልጠየቀችም። ይህ ከመጠየቋ የባሰ አሳሰበኝ።

ህዳር 17፣ ረቡዕ

በቀለ። ዐሥሩም። አረንጓዴ ነው፤ ሐሳቡንም አልቀየረም።

ልጽፈው የተቀመጥኩት ግን ሌላ ነው። ከሊቀመንበሩ ፊት ለፊት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ዛሬ ከሰዓት ወደቀች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ። እዚያው። ሰባት ወሯ ነው። ጩኸቷን ሰምቼ እስክወርድ እዚሁ ሕንጻ የሚኖረው ቁልፍ ሠሪ ደግፎ አስቀምጧታል። «ልጄ ደህና ነው? ልጄ?» ትላለች ለማንም። ሐኪም ቤት ወስደዋት ልጁ ደህና ነው ተብሏል፤ ቁርጭምጭሚቷ ብቻ አብጧል።

ጥቅምት ላይ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ብረቱ ይተከል ነበር? አይተከልም ነበር። ምን ያስተክለዋል፤ ይህ ኮሚቴ! አይተከልም ነበር።

ይተከል ነበር ይሆን?

ህዳር 20፣ ቅዳሜ

ስብሰባ። አጀንዳ አንድ፣ የአራተኛው ፎቅ አፈር። አጀንዳ ሁለት፣ የደረጃ አጠቃቀም።

ወንበር ይዤ መግቢያው አዳራሽ ስወርድ ልጄ ቆማ አገኘኋት። ሳትነግረኝ ነው የመጣችው። «አንቺን ካልመቸሽ እኔን ይመቸኛል» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ረጅም እጅጌ ለብሼ ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ ሌላ ለብሼ አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ሁለተኛውን አስቀደመ። «የደረጃውን ጉዳይ ባጭሩ እንዝጋው። ያ ደረጃ ስንት ዓመት ተወጥቶበት ተወርዶበታል፤ እስከ ዛሬ አንድም ሰው ወድቆበት አያውቅም። እህታችን ደግሞ በዕለቱ የሚያንሸራትት ጫማ ነበር ያደረገችው። ስለዚህ የጥንቃቄ ጉድለት ብለን በቃለ ጉባኤ እናስፍረው።»

ሰው ሁሉ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። በፋሻ የታሰረ እግሯን ወንበር ሥር ደበቀች። «ልክ ነዎት» አለች ቀስ ብላ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ ግን አላመለጠኝም። እያወቅኩ ነው የለቀቅኩት።

«ወድቄበታለሁ» አልኩ።

«ማን?»

«እኔ ነኛ። ጥቅምት አምስት። ያ በጥብቅ ያወገዛችሁት ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ ይኸው ቆሟል።» እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ክርኔ ከቀይ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ቢጫ ዞሮ አሁን ቅርጹ ብቻ ነው ልክ ያልሆነው። «እኔ የሚያንሸራትት ጫማ አላደረግኩም። እርጉዝም አይደለሁም፤ ይህንንም በቃለ ጉባኤ ያስፍሩልኝ። ጥፋቴ አንድ ነው፤ ዝም አልኩ፤ ዝም ስላልኩም ይህቺ ልጅ ወደቀች። ብረቱ እስኪተከል ከዚህ አልንቀሳቀስም። ወንበሬን ይዤ መጥቻለሁ።»

ልጄን አላየኋትም። ትንፋሿን ግን ሰማሁት፤ ገብቶ ቀረ።

ያኔ ቁልፍ ሠሪው እጁን አወጣ። «እውነት ለመናገር… እኔም ባለፈው ክረምት…» አንዲት ሴት «የእኔ እናት ልትጠይቀኝ መጥታ» አለች። አንዱ ወድቆ ጥርሱን፣ ሌላው እንቁላሉን ሰብሯል። ለካ እዚያ ቦታ ያልወደቀ ሰው የለም፤ ሁላችንም ለየብቻችን ስንወድቅ ኖረናል። ሊቀመንበሩ ብቻ ቃለ ጉባኤው ላይ አቀረቀረ። ጉልበቱን ግን አሸት አሸት አደረገ።

ብረቱ በዚህ ሳምንት ይተከላል ተባለ፤ ብየዳውን ቁልፍ ሠሪው ወሰደው። አጀንዳ አንድን ያስታወሰ አልነበረም።

ህዳር 21፣ እሑድ

የትናንቱን ማታ አሁን ነው መጻፍ የቻልኩት።

ደረጃውን ስንወጣ በግራ ክንዴ ነው የያዘችኝ፤ በደህናው። ቤት ገብተን መብራት አበራች፣ ክርኔን በጣቶቿ ዳሰሰች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች። ነርስ ስትሆን እናቷ አትመስለኝም።

«ተሰንጥቆ ነበር እኮ።»

«ገጥሟል።»

«ጠሞ ነው የገጠመው።»

«እኔም ቀጥ ያልኩ ሰው ሆኜ አላውቅም።»

አልሳቀችም። «ቃል ገብተሽልኛል እማዬ።»

ስንት ማምለጫ ነበረኝ! ማረፍ ነው እንጂ መውደቅ አይደለም ልላት፣ ደረጃ ሳይሆን ማረፊያ ላይ ነው ልላት እችል ነበር። ሁሉንም አሰብኩና ሰለቸኝ።

«ገብቼልሻለሁ። አሁን ቃሌን እበላለሁ። ውሸታም በዪኝ፣ ልክ ነሽ። ግን አልመጣም። እዚያ ክፍል ከገባሁ ማንም አይጥለኝም፤ እኔው ራሴ እወድቃለሁ፣ ተቀምጬ።»

ክርኔን ለቀቀች። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «የሚያስፈራኝ መውደቅሽ መሰለሽ? ሰው ይወድቃል፤ ሥራዬ ነው፣ ሲወድቁ አያለሁ። ወድቀሽ፣ አፈር ጠርገሽ፣ ‹ከየት ወዴት› ማለትሽ ነው! ያን ሁሉ ሳምንት ብቻሽን!»

ምን ይባላል? እጅጌዬን ወደ ታች መለስኩት።

«በሚቀጥለው ስወድቅ ከማንም በፊት አንቺ ትሰሚያለሽ» አልኩ በመጨረሻ።

«ስወድቅ አትበዪ!»

«እሺ፣ ሳርፍ።»

አለቀሰች ወይ ሳቀች፤ ራሴን አዙሬ ስለነበር አላየሁም። ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር። አዳሯን እኔ ዘንድ አደረገች። ስለ ክፍሉ እንደገና አላነሳችም። እኔም አላስታወስኳትም።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

የገንዳውን ፎሶሊያ ለቀምን፤ እኔ በቀኜ፣ ልጄ በሁለት እጇ፣ እኔ ቀደምኳት። ሰላጣውን ቆርጠን ለልብስ ሰፊዋ ከላክንላት በኋላም ተረፈ። ለሊቀመንበሩ አንድ ሳህን ሞልቼ ላክሁ። «ከበሽተኛው» ብዬ። በልቶታል፤ ሳህኑ ታጥቦ ተመልሷል።

ከምሳ በኋላ ልጄ በረንዳው ላይ ቆማ ባልዲዎቹን ስታይ ቆየች። «ያ ግድግዳ የሚያየው መስኮት» አለች፣ «ብርሃኑ ትንሽ ነው። ሰላጣ ይበቅልበታል?»

«ሰላጣ ብዙ ብርሃን አይጠይቅም።»

«ከዚህ አፈር ትሰጪኛለሽ?»

«አዲስ አይሻልሽም? ዘር ቤቱ ያደርስልሻል።»

«ይሄኛውን ነው የምፈልገው።»

አንዱን ባልዲ ሙሉ ሰጠኋት። ልርዳሽ ስላት በዓይኗ ገደለችኝ። ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወረደች። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አስቀምጣ አረፈች። ሁለተኛው ላይም አረፈች፤ ባልዲው አዲሱን ብረት ሲነካ ሰማሁ። ከዚያ በረንዳ ላይ ወጥቼ አየኋት፤ መንገዱን ሳትሻገር ደግሞ አስቀመጠችው፤ ወገቧን ይዛ ቆመች። ገና ወጣት ናት እኮ! እኔ በእሷ ዕድሜ እርጥብ የአልጋ ልብስ ነበር የምሸከመው።

ታሳስበኝ ጀምራለች። ብቻዋን እንዲህ ዕቃ እየተሸከመች አንድ ቀን ብትወድቅስ? እኔ ጋ ብትገባ ይሻላታል። ትርፍ ክፍል አለኝ፤ ፀሐይም ያገኛል። ነገ ስትደውል በግልጽ እነግራታለሁ፤ እሺ እስክትለኝም ሾርባ አዘጋጃለሁ።